ዲቪ ደርሷችሁ ቆንስሉን ብትከሱት፦ ዳኛው እስከየት ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጽፎበታል፦ «ልግባበት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዲቪ ደርሶታል። ኤምባሲ ቀርቦ ኢንተርቪው አድርጓል፣ 330 ዶላሩን ከፍሏል፣ የሕክምና ምርመራውንም ጨርሷል። መስኮቱ ላይ የተሰጠው ግን ቪዛ ሳይሆን «221(ጂ)» የሚል ወረቀት ነው፤ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ ስልኩን ከፍቶ የጉዳዩን ሁኔታ ያያል። ድረ ገጹ ላይ ያለው ቃል «ውድቅ ሆኗል» የሚል ነው። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስክሪንሾቱ እንደሱ ተንጠልጥለው የቀሩ ሰዎች ከተሰባሰቡበት ግሩፕ የመጣ ነው። በጋራ ጠበቃ ይዘው የአሜሪካን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን ላይ ሊከሱ ነው። በነፍስ ወከፍ የተጠየቀው ዶላር ወደ ብር ሲመታ የጓደኛዬን የአንድ ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ «በ2020 ዳኛ ፈርዶልናል!» የሚል በትልቁ ተጽፏል።

እኔ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ያ የ2020 ፍርድ መጨረሻው ምን ሆነ የሚለው አላስተኛኝም። ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ ውሳኔዎቹን አነበብኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ያገኘሁት በአጭሩ ይህ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት የኢሚግሬሽን ባለሥልጣንን «ይህን መመሪያ እንድታወጣ ማን ፈቀደልህ? ሥርዓቱንስ ጠብቀሃል?» ብሎ ማፋጠጥ ይወዳል። «እኚህን ሰው ለምን ከለከልካቸው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይወድም። የእኛ ሰው ፍርድ ቤት የሚሄደው ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ ነው።

ከመስኮቱ እንጀምር።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለ? በአሜሪካ ሕግ ንጉሥ የለም፣ ቆንስል ግን አለ። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ሲያድል ቪዛ መስጠትና መከልከልን ለብቻው ነጥሎ ለቆንስሎች ትቶታል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ራሱ እንኳ «ለእገሌ ስጠው» ብሎ ማዘዝ እንደማይችል ተደርጎ ነው ሲሠራበት የኖረው። ማስረዳት ያለበትም አመልካቹ ነው፤ ቆንስሉ «አላሳመንከኝም» ቢል በቂው ነው። ለተማሪ ቪዛ ቀርባችሁ «214(ለ)» የተባላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ የራሳቸውን መርህ ጨመሩበት፦ የቆንስል ውሳኔ በፍርድ ቤት አይመረመርም። ሥሩ ሩቅ ነው። በ1950 በተወሰነው የክናውፍ ጉዳይ አንዲት በጀርመን የተወለደች ሴት የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር አግብታ ኒውዮርክ ደረሰች፤ ኤሊስ ደሴት ላይ ያዟት። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ «መግባቷ ለአገሪቱ ጥሩ አይደለም» አለ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ አልተነገራት፣ ቀርባ እንድትከራከርም አልተፈቀደላትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 ባለሥልጣኑ ትክክል ነው አለ፤ በር ላይ ለቆመ የውጭ ሰው ኮንግረስ የፈቀደለት ሥርዓት የትኛውም ይሁን፣ ፍትሐዊ ሥርዓት እሱው ነው ሲል። (ሴትዮዋ በ1951 ገባች። ያስገባት ግን ፍርድ ቤቱ ሳይሆን የሕዝቡ ጫጫታና በኋላ የተፈቀደላት የአስተዳደር ችሎት ነው።)

በ1972 ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተች። ማንዴል የሚባል ቤልጅየማዊ ማርክሲስት ምሁር ንግግር እንዳያደርግ ሲከለከል የጋበዙት አሜሪካውያን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ የአሜሪካዊ ዜጋ መብት ከተነካ መንግሥት ላይ ላዩን ሲታይ ሕጋዊና ቅን የሆነ አንድ ምክንያት ያቅርብ፣ ካቀረበ ከዚያ በላይ አንጎለጉልም አለ። ይህቺ «አንድ ምክንያት» የምትባለው ነገር እስከ ዛሬ ትሠራለች። በ2018 የትራምፕን የጉዞ እገዳ ያጸደቀው ውሳኔም የተነሳው ከእሷ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሳምንት ልውሰዳችሁ። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 14 እስከ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.። በእነሱ ከጁን 21 እስከ 28፣ 2024። በዚህች አንድ ሳምንት ውስጥ ዋሽንግተን ላይ ሦስት ውሳኔዎች ተሰጡ። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ዳኛው የት እንደሚቆም ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው የሙኞዝ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊት የሲቪል መብት ጠበቃ ናት፤ ባሏ የኤልሳልቫዶር ሰው። በሳን ሳልቫዶር ያለው ቆንስላ የባሏን ቪዛ ከለከለ፤ የሰጠው ምክንያት የሕግ አንቀጽ ቁጥር ብቻ። ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ የታወቀው፣ ሰውዬው ሰውነቱ ላይ ባለው ንቅሳት የተነሳ የወንበዴ ቡድን አባል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መጠርጠሩ ነው። እሱ አባል ሆኜ አላውቅም ይላል፤ የወንጀል ታሪክም የለበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ወሰነ፦ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ የውጭ አገር የትዳር ጓደኛው ወደ አገሪቱ እንዲገባ የሚያስችል መሠረታዊ መብት የለውም። ስለዚህ የማንዴል ቀዳዳ እንኳ ለሚስቲቱ አልተከፈተላትም። እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የአሜሪካዊ ባሉን ወይም ሚስቱን ፕሮሰስ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ይህ ውሳኔ የሱም ነው።

ሁለተኛው ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁን 25፣ ከዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መጣ። የመዝገቡ ስም «ጉድላክ እና ባይደን» ነው። አዎ፣ ጉድላክ። ስለ ዕጣ የሚከራከር መዝገብ «መልካም ዕድል» መባሉ የኔ ቀልድ አይደለም። የጓደኛዬ ግሩፕ በትልቁ የጻፈው የ2020 ፍርድ ያበቃው እዚህ መዝገብ ላይ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ካላየነው አይገባንም። ዲቪ በየዓመቱ በሕግ እስከ 55 ሺህ ቪዛ አለው፤ በኋላ በወጡ ሕጎች የሚቀነስለት አለ። የሚመረጠው ሰው ግን ከነቤተሰቡ ሲቆጠር በቅርብ ዓመታት ከመቶ ሺህ በላይ ነው። «ደርሶሃል» ማለት «ወረፋ ይዘሃል» ማለት እንጂ ቪዛ ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው፦ ሕጉ የተመረጠ ሰው ቪዛ የማግኘት ብቁነቱ የሚቆየው የበጀት ዓመቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው ይላል። የእነሱ በጀት ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30፣ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዕጣው ወረቀት ነው።

በ2020 በኮቪድ ወቅት ፕሬዚዳንቱ የስደተኞችን መግባት አገዱ። ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «መግባት ካልቻሉ ቪዛም አንሰጥም» ብሎ ዲቪውን ዘጋው። የፌዴራል ዳኛው አሚት ሜህታ በሴፕቴምበር መጀመሪያ እንዲህ አሉ፦ መግባት ሌላ፣ ቪዛ መስጠት ሌላ ነው፤ እገዳው ቪዛ አትስጡ አይልም፤ ሥራችሁን ሥሩ። የቀረው ግን ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። ቀኑ ሲደርስ 9,095 ቪዛ ከቀነ ገደቡ በኋላም እንዲሰጥ ተቀማጭ እንዲሆን አዘዙ። በ2021ም መሥሪያ ቤቱ ዲቪን ወረፋው መጨረሻ ላይ በማድረጉ ተመሳሳይ ትእዛዝ ተሰጠ። ያኔ ግሩፖቹ ውስጥ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። የሠፈራችን አንዲት ልጅ ሻንጣ ገዝታ ነበር።

መንግሥት ይግባኝ አለ። ትእዛዞቹ ታግደው ቆዩ። 2022 አለፈ፣ 2023 አለፈ። በጁን 2024 ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ወሰነ፦ ኮንግረስ «እስከዚህ ቀን ብቻ» ብሎ በግልጽ የቆረጠውን ቀን ዳኛ ማራዘም አይችልም። በአራት ዓመት ጥበቃ የተገኘው ዜሮ ነው።

ልብ በሉ፣ ዳኛ ሜህታ በሕጉ ትርጉም ላይ ተሳስተዋል ተብሎ አይደለም ዋናው ነገር የፈረሰው። መሥሪያ ቤቱ እገዳውን ለጥጦ መተርጎሙ ትክክል ነው ብሎ ያጨበጨበለት የለም። የፈረሰው መድኃኒቱ ነው። ጥፋቱን ብታሳይ እንኳ ቀኑ ካለፈ ዳኛው የሚሰጥህ ነገር የለውም። እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህ ለመሥሪያ ቤቱ ምን ዓይነት ማበረታቻ እንደሚፈጥር ማየት አያቅተኝም፦ መዘግየት ዋጋ አያስከፍልም። እንዲያውም ከበቂ በላይ ከዘገየህ ታሸንፋለህ። ይህ በሌላ ቪዛ አይሆንም፤ የቤተሰብ ቪዛ ቢዘገይ ቢያንስ በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል። ዲቪ ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ የመንግሥት ጠበቃ ነው።

ሦስተኛው ውሳኔ ከሌሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሄደ ይመስላል። ጁን 28 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት መዝገብ፣ ከ1984 ጀምሮ ለ40 ዓመት ሲሠራበት የኖረውን የሼቭሮን መርህ ሻረ። ጉዳዩ ስለ ዓሣ አጥማጆች ነው፤ ከኢሚግሬሽን ጋር ምንም አያገናኘውም። መርሁ ግን ያገናኘዋል። ሼቭሮን የሚለው፣ ሕግ ግልጽ ካልሆነና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ምክንያታዊ ትርጉም ከሰጠው ዳኛው ያንን ይቀበል ነው። አሁን ግን የሕግን ትርጉም የሚሰጠው ዳኛው ራሱ ነው ተባለ።

ይህ ለስደተኛ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ወደ እኛ ሠፈር የሚቀርብ ጉዳይ አለ። የንጉሴ ጉዳይ ይባላል፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ኤርትራዊ። ኤርትራ ውስጥ በግዳጅ ለውትድርና ተወሰደ፤ ጦርነቱ ሲነሳ ኢትዮጵያን አልወጋም ብሎ ታሰረ። በኋላ ያንኑ እስር ቤት እንዲጠብቅ ተገደደ። አምልጦ አሜሪካ ሲደርስ ጥገኝነት ጠየቀ። ሕጉ ሌሎችን ያሳደደ ሰው ጥገኝነት አያገኝም ይላል። ተገድዶስ ከሆነ? ሕጉ ዝም ነው። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ መልስ በመስጠት ፈንታ፣ ልክ በሼቭሮን መንፈስ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ ይተርጉመው ብሎ መለሰው። ከዚያስ? ቦርዱ በ2018 ውስን በሆነ ሁኔታ መገደድ ይታያል አለ። በ2020 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ባር ሻሩት፣ መገደድ የሚባል ነገር አይታይም አሉ። በ2021 ተተኪያቸው ጋርላንድ ደግሞ እንደገና ልመርምረው ብለው የባርን ውሳኔ አገዱት። ሕጉ አንድ ፊደል አልተቀየረም። የተቀየረው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ለአንድ ሰው ሕይወት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ሎፐር ብራይት እንዲህ ዓይነቱን መገላበጥ ያጠበዋል፤ ለጥገኝነት ጠያቂዎች መልካም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ዳኛውም ይወሰናል። ለጓደኛዬ ግን ብዙም አይጠቅመውም። ምክንያቱም ያው ውሳኔ ኮንግረስ ለባለሥልጣን ፈቃደ ሥልጣን የሰጠበት ቦታ እንዳለ ይከበራል ይላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በዚህ ዓይነት ፈቃደ ሥልጣን የተሞላ ነው። በ2022 በፓቴል ጉዳይ 5 ለ 4 የተወሰነው፣ ከመባረር ምሕረት ለመስጠት ባለሥልጣኑ የደረሰበትን የፍሬ ነገር ግኝት፣ ስሕተት ቢኖርበት እንኳ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት አይመረምርም ነው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ በቡአርፋ ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች፣ አንዴ የጸደቀን የቤተሰብ ማመልከቻ መልሶ መሰረዝ በፈቃደ ሥልጣን ሥር ስለሆነ አይመረመርም አሉ። ግራ ዘመምም ቀኝ ዘመምም፣ ሁሉም። «ዳኞቹ የትራምፕ ሰዎች ስለሆኑ ነው» የምትሉኝ አላችሁ፤ ቡአርፋን የጻፉት በባይደን የተሾሙት ዳኛ ጃክሰን ናቸው።

ታዲያ ፍርድ ቤት ጭራሽ አይረዳም? ይረዳል። የሚረዳበትን ቦታ ማወቅ ነው።

በጁን 2019 ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ዲቪ የሚሞላ ሁሉ ገና ሲሞላ ፓስፖርት ይኑረው አለ። ትዝ ይላችኋል? ደርሶህ ሳይሆን፣ ገና ሳይደርስህ ፓስፖርት። ለአንድ አሜሪካዊ ባለሥልጣን ትንሽ ነገር ናት። ለእኛ ግን ወረፋው፣ ገንዘቡ፣ ከክፍለ ሀገር መመላለሱ አለ። ውጤቱን ቁጥሩ ይነግራችኋል፦ ከመመሪያው በፊት በነበረው ዙር፣ ከነቤተሰብ ጭምር፣ 23 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመዝግቦ ነበር። በቀጣዩ ዙር ወደ 12 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ምዝገባው የተደረገው በ2019 መጸው ነው፤ ኮቪድ ገና አልመጣም። በአንድ መስመር መመሪያ ግማሹ ሰው ከዕጣው ወጣ።

ተከሰሱ። ክርክሩ «ፓስፖርት መጠየቅ ልክ ነው ወይስ አይደለም» አልነበረም። በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው፣ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አሳይቶ አስተያየት ይቀበል ይላል። (እኛም አገር የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተመሳሳይ ግዴታ አለው፤ መከበሩ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) መሥሪያ ቤቱ ግን «ይህ የውጭ ግንኙነት ጉዳይ ነው» ብሎ አስተያየት ሳይጠይቅ አወጣው። በፌብሩዋሪ 2022 የዋሽንግተን ፍርድ ቤት ምክንያቱን አልተቀበለም፣ መመሪያውን ሰረዘው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ስንሞላ የፓስፖርት ቁጥር አልተጠየቅንም። እኔም ያኔ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላሁት። አልደረሰኝም፣ ምስጋና ይግባውና ይህን እየጻፍኩላችሁ ነው።

እዚህ ጋ አንድም ቆንስል አልተከሰሰም፣ አንድም ሰው ቪዛ አላገኘም። ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መሙላት ቻለ። ዳኛው መንካት የሚደፍረው ይህን ነው፦ መመሪያውን፣ አወጣጡን።

ይህም ቢሆን ዘላቂ ድል አይደለም። በኦገስት 2025 መሥሪያ ቤቱ ያንኑ የፓስፖርት ግዴታ ይዞ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ረቂቁን አሳትሞ፣ የሕዝብ አስተያየት ጠይቆ። በሥርዓት ስሕተት የወደቀ ነገር ሥርዓቱ ሲስተካከል ይነሳል። ያሸነፉት ሰዎች ያሸነፉት ጊዜ ነው፤ በዲቪ ዓለም ውስጥ ግን ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። «ውድቅ ሆኗል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ብያችሁ ነበር።

እሱ የሚለው «አልከለከሉኝም፣ እያጣሩ ነው፤ ዘገዩብኝ» ነው። ኤምባሲውም በቃል ያለው ይህንኑ ነው። የመዘግየት ክስ የሚባለውም እዚህ ላይ ይቆማል፦ ዳኛው ቪዛ ስጠው ባይል እንኳ «አዎ ወይ አይ በል» ብሎ ማዘዝ ይችላል ተብሎ። ለብዙ ዓመታት ይህ ክስ ለአንዳንዶች ሠርቷል፤ አንዳንዴ ክሱ እንደተከፈተ ፋይሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ነገር ግን በጁላይ 2024፣ ከዚያች ሳምንት አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ያው የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት በካሪሞቫ ጉዳይ እንዲህ አለ፦ 221(ጂ) ተብሎ «ውድቅ» የተደረገ ማመልከቻ ውሳኔ አግኝቷል። ቆንስሉ ወደፊት ሊያየው መቻሉ ማመልከቻውን ክፍት አያደርገውም። ስለዚህ አልዘገየም፤ ተከልክለሃል። በስልኩ ላይ በየጠዋቱ የሚያያት ቃል የክሱን መሠረት የምትንድ ቃል ናት ማለት ነው። ይህ ውሳኔ ሌላውን ሁሉ የሚያስር ዓይነት አይደለም፤ በሌሎች ግዛቶች ደግሞ የተለየ መስመር የያዙ ዳኞች አሉ። ግሩፑ ሊከስ ያሰበው ግን ዋሽንግተን ላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው «እሺ» የሚል መልስ አይደለም፤ በጣም ከተሳካ የሚገዛው ፍጥነት ነው። ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ደግሞ «አይ» ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማንም አይመረምረውም። ሴፕቴምበር 30 ካለፈ፣ ከጉድላክ በኋላ፣ ፍጥነቱም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ክሱ ትርጉም የሚኖረው ገና ወራት ለቀሩት ሰው ነው፤ እሱም በተገቢው ቦታ ከተከፈተ። ሳምንታት ለቀሩት ሰው ግን ሎተሪ ላይ ሌላ ሎተሪ መቁረጥ ነው። የዕጣው ዕድል ነፃ ነበር፣ ይሄኛው የዓመት ደመወዝ ነው።

«እና ጠበቃው ይህን ሁሉ አያውቅም?» አለኝ።

ማወቁን እንዲያጣራ አራት ጥያቄ ጽፌ ላኩለት። ዋሽንግተን ላይ የምትከሱት ካሪሞቫን እንዴት ልታልፉት ነው? ክሱ ላይ የኔ ስም በግል ይገባል ወይስ «እና ሌሎች» ውስጥ ነኝ? ሴፕቴምበር 30 ፍርድ ሳይሰጥ ካለፈ ከከፈልኩት ስንት ይመለሳል? በ2020 ፈረዱልን የምትሉት ሰዎች ስንቶቹ ቪዛ ይዘው ገቡ?

ጥያቄዎቹን ግሩፑ ውስጥ ለጠፋቸው። የግሩፑ አስተዳዳሪ ከ10 ደቂቃ በኋላ አጠፋቸው። ለጠበቃው በቀጥታ በኢሜይል ደግሞ ላከለት። ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ መልስ አልመጣም፤ የመክፈያው ቀነ ገደብ ግን ዓርብ መሆኑን የሚያስታውስ መልእክት ሁለት ጊዜ ደርሶታል።